ስሙም ቀለም፣ ሥራውም ቀለም

በዚህ ዓምድ የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ሲቀርብ መቆየቱ ይታወሳል። ዛሬ ተራው የእኛ ሆነና ሚኻኢል ጽቬት የተባለ አንድ የዕፀዋት ተመራማሪ ይዘን ቀርበናል። ሰውየውን እንዴት እንዳገኘነው አስቀድመን ብንናገር ይሻላል፤ ነገሩ የጀመረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከማድ ቤት ጭስ ነውና።

ለማስተማር ልምምድ ደብረ ኤልያስ በነበርንበት ጊዜ ለሰባተኛ ክፍል ስለ አየር እናስተምር ነበር። ናይትሮጅን 78 ከመቶ፣ ኦክስጅን 21 ከመቶ፣ የቀረው ሌላ ሌላው ብለን ሰሌዳ ላይ ከጻፍን በኋላ ከኋላ መቀመጫ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። እናቱ እንጀራ ስትጋግር ማድ ቤቱን የሚሞላው ጭስ ከየትኛው እንደሚቈጠር ጠየቀን። ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ጥላሸት ነው ብለን መለስንለት። ልጁ ግን አልተቀመጠም። ከእነዚህ ውስጥ ዓይን የሚያቃጥለው የትኛው እንደ ሆነ፣ ደግሞስ ጭሱ እንዲያ ተደባልቆ ሳለ ለያይቶ ያየው ማን እንደ ሆነ ጠየቀ። እውነቱን ለመናገር ደወሉ ባይደወል ኖሮ አንገታችንን ደፍተን እንቀር ነበር። ሁለቱ ጋዞች ዓይን አያቃጥሉም እኮ! ጥላሸቱም ብቻውን እንዲያ አያስለቅስም።

ያን ቀን ማታ መጽሐፍ ማገላበጥ ያዝን። ጭስን ለያይቶ የሚያሳየው ዘዴ ክሮማቶግራፊ እንደሚባል ያወቅነው ያኔ ነው። ዘዴውን ያመጣው ሰው ግን ስለ ጭስም ሆነ ስለ አየር ብክለት ያሰበ ሰው አልነበረም። የሚያስበው ስለ ቅጠል ነበር።

ጽቬት በሩሲያኛ ቀለም ማለት ነው። ክሮማቶግራፊ የሚለውን ስም ያወጣውም እሱ ራሱ ሲሆን፣ ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሆኖ በቀለም መጻፍ እንደ ማለት ነው። ታዲያ ሰውየው የራሱን ስም በዘዴው ስም ውስጥ ሸሽጎት ይሆን እያሉ የሚጠረጥሩ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናትና ይህን ነገር እዚያ ላሉ የቅኔ ተማሪዎች ብንነግራቸው ሰሙና ወርቁ ይኼው ነው ብለው ወዲያው በፈረዱ ነበር። በእኛ አገር ደግሞ ቀለም ማለት ትምህርትም ጭምር ነው። የሰውየውን ሕይወት ስናነብ ይኼኛው ፍች ይበልጥ ይስማማዋል አልን።

ሚኻኢል ጽቬት በ1872 በኢጣልያ አገር አስቲ በምትባል ከተማ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) አባቱ ሩሲያዊ የመንግሥት ሹም፣ እናቱ ኢጣልያዊት ነበሩ። ባልና ሚስቱ በመንገድ ላይ ሳሉ በእንግዳ ማረፊያ ነው የተወለደው። እናቱ ብዙም ሳትቈይ ሞተች። አባቱ ወደ ሥራው ሲመለስ ልጁ በስዊስ አገር ቀረና በሎዛንና በጄኔቫ አደገ፤ እዚያው ተምሮ በ1896 ከጄኔቫ ዩኒቨርስቲ በዕፀዋት ሳይንስ የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ። ዕድሜው ያኔ 24 ዓመት ነበር።

በዚያው ዓመት ወደ አባቱ አገር ሄደ። እዚያ ሲደርስ የጠበቀው ግን ሌላ ነገር ነው። በሩሲያ ሕግ የውጭ አገር ዶክተርነት በዩኒቨርስቲ ለማስተማር አያበቃም ነበርና፣ የተማረውን ትምህርት እንደ ገና ከማስተርስ እንዲጀምር ተገደደ። በ1901 በካዛን ማስተርሱን፣ በ1910 ደግሞ በዋርሶ ሁለተኛውን ዶክተርነት አገኘ። ከመጀመሪያው ዶክተርነት እስከ ሁለተኛው አሥራ አራት ዓመት ማለት ነው! እኛ አንዲት ፈተና ድገሙ ስንባል እንኳ ስንት ቀን እንደምናኰርፍ ታውቃላችሁ። በዚህ መካከል በሴንት ፒተርስበርግ ሌስጋፍት የተባለው ሊቅ ለሴቶች በከፈተው ኮርስ ዕፀዋት እያስተማረ፣ በሌስጋፍት ላቦራቶሪም እየተመራመረ ኖረ። በ1902 ያኔ በሩሲያ ግዛት ሥር ወደነበረችው ወደ ዋርሶ ተዛውሮ በዩኒቨርስቲው በረዳትነት ተቀጠረ። ትልቁን ሥራውን የሠራው እዚህ ነው።

የዚያ ዘመን ሊቃውንት የቅጠል አረንጓዴነት ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ይደክሙ ነበር። ክሎሮፊል አንድ ነው ወይስ ብዙ? ቢጫውስ ከየት መጣ? ጽቬት አንዲት ትንሽ ነገር አስተዋለ። ክሎሮፊል ከቅጠል ከወጣ በኋላ ፔትሮሊየም ኤተር በሚባለው ከነዳጅ ዘይት በሚገኝ ቀላል ፈሳሽ ውስጥ በደንብ ይሟሟል፤ ያንኑ ፈሳሽ ቅጠሉ ላይ ብታፈሱት ግን አረንጓዴውን አያወጣውም። ጥቂት አልኮል ጠብ ሲደረግበት ግን ይወጣል። ሌላው ሰው አይቶ ያልፈው የነበረውን ይህን ነገር ጽቬት ይዞ ተቀመጠ። ቀለሙ የማይወጣው ባለመሟሟቱ ሳይሆን የቅጠሉ ሥጋ ለጥፎ ስለያዘው ነው ሲል አሰበ። እንግዲያው አንዱን ቀለም አጥብቆ፣ ሌላውን ላላ አድርጎ የሚይዝ ነገር ቢገኝ ቀለሞቹን መለያየት ይቻላል ማለት ነው። ከመቶ የሚበልጡ ዱቄቶችን ሞከረ። ስኳር ሳይቀር ሞክሯል። ከሁሉ አብልጦ ከመረጣቸው አንዱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጠመኔ!

ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ የጠመኔ ዱቄት ጠቅጥቆ ሞላ። ከላይ የቅጠሉን ጭማቂ ጠብ አደረገ፤ ቀጥሎም ንጹሕ ፈሳሽ ቀስ እያለ አወረደበት። አረንጓዴው ጭማቂ ወደ ታች ሲሄድ ተለያየ። አንዱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ፣ አንዱ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ፣ ሌሎቹም ቢጫዎች እየሆኑ በነጩ ጠመኔ ላይ እንደ ጥለት ተደረደሩ። ካሮት የሚያቀላው ካሮቲን ደግሞ ማንም ሳይዘው ቀድሞ ወረደ። ከዚያ ጠመኔውን ከቱቦው ገፍቶ አውጥቶ በቢላዋ እየቈረጠ እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው አነሳ። ይህንን ሐሳብ በማርች 1903 በዋርሶ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ማኅበር ፊት አቀረበ፤ በ1906 ደግሞ በጀርመን የዕፀዋት ማኅበር መጽሔት ላይ በሁለት ጽሑፎች አወጣው። ክሮማቶግራፊ የሚለው ስምም ያኔ ወጣ።

ነገሩ እንዲገባን በራሳችን ምሳሌ እንመልከተው። ሦስት ሰዎች ከገበያ አብረው ተነሥተው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ እንበል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጠላ ቤት ተደርድሯል። አንደኛው ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ ሁለተኛው አልፎ አልፎ ጎራ ይላል፤ ሦስተኛው አንድም ጠላ ቤት አይዘልም። ሲመሽ አንደኛው ቤቱ ገብቷል፣ ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው፣ ሦስተኛው ከገበያው ጫፍ ገና ፈቀቅ አላለም። መንገደኞቹ ቀለማት፣ ጠላ ቤቶቹ ጠመኔው፣ እየገፋ የሚወስዳቸው የቤት ናፍቆት ደግሞ ፈሳሹ ነው። (ይህን ምሳሌ ክፍል ውስጥ ለመስጠት ግን ርእሰ መምህሩን ማስፈቀድ ሳይሻል አይቀርም።)

እኛም ደብረ ኤልያስ ሳለን ሞከርነው። ያገኘነው የሰሌዳ ጠመኔ ነው። የሰሌዳ ጠመኔ ብዙውን ጊዜ ከጂፕሰም ስለሚሠራ ጽቬት ከተጠቀመበት ከካልሲየም ካርቦኔት የተለየ ቢሆንም፣ ለትምህርት ያህል ይበቃል። የጎመን ቅጠል ወቀጥንና በአረቄ ዘፈዘፍነው። ምንም አልሆነም! አረቄ ውኃ ይበዛዋል፤ ክሎሮፊል ደግሞ ውኃ አይወድም። ሁለተኛ ጊዜ ከመድኃኒት ቤት ጠንካራ አልኮል ገዝተን አደረግነው። ከአረንጓዴው ጭማቂ በጠመኔው ግርጌ አካባቢ ጠብ አድርገን፣ ጥቂት አልኮል ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አቆምነው። አልኮሉ ጠመኔውን እያራሰ ሲወጣ አረንጓዴው ከታች ቀረ፣ ቢጫው በላዩ ቀደመ። ልጆቹ እየተጋፉ አዩት። ያ ጠያቂ ልጅ ግን ቢጫው መጀመሪያውኑ እዚያ ውስጥ ስለመኖሩ በምን እናውቃለን፣ አልኮሉ አበላሽቶት ቢሆንስ ሲል ደግሞ ጠየቀ። ልጁ ይህን ሲል ከመቶ ዓመት በፊት ሊቃውንቱ በጽቬት ላይ ያነሡትን ክርክር እየደገመ መሆኑን አላወቀም።

እውነትም የዘመኑ ኬሚስቶች ጽቬትን አልተቀበሉትም። በክራኮቭ የነበረው ኬሚስቱ ማርችሌቭስኪ በጽሑፍ ተከራከረው፤ ክርክሩም ጨዋነት የጐደለው ነበር። ከሁሉ የበለጠ የጐዳው ግን የጀርመኑ ሪቻርድ ቪልሽቴተር ሳይቀበለው መቅረቱ ነው። ቪልሽቴተር በክሎሮፊል ጥናት የ1915 የኖቤል ሽልማት የተሸለመ ሰው ነው። የእሱ ሰዎች ዘዴውን ሲሞክሩ ክሎሮፊሉ ዱቄቱ ላይ ተበላሸባቸው፤ ስለዚህ ዘዴው አይረባም ተባለ። ጽቬት ግን የሚመረጠው ዱቄት ቀለሙን የማያበላሽ መሆን እንዳለበት አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። ሌላም ምክንያት ነበር። የዚያ ዘመን ኬሚስት አንድን ነገር አገኘሁ የሚለው በግራም የሚመዘን ጠጣር ሲያቀርብ ነው። ከጽቬት ቱቦ የሚወጣው ደግሞ ለዓይን ብቻ የሚበቃ ቅንጣት ነው። በዚያ ላይ ሰውየው የዕፀዋት ሰው ነው፤ ጽሑፎቹን ያወጣው በዕፀዋት መጽሔት፣ በ1910 ያሳተመውን ትልቁን መጽሐፉን ደግሞ በሩሲያኛ ነው። መጽሐፉ የሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ በ1911 ሽልማት ሰጥቶታል። ከሩሲያ ውጭ ግን ብዙ አንባቢ አላገኘም። እንደ እኛ አስተያየት ጥፋቱን ሁሉ በቪልሽቴተር ላይ መጣል ተገቢ አይመስለንም። ሞክሮ ስላልሆነለት ነው አይሆንም ያለው። ባለዘዴውን አስጠርቶ አሳየኝ ቢለው ግን ስንት ዓመት በተረፈ ነበር!

ቀሪው ሕይወቱ ስደት ነው። በ1907 ሄለና ትሩሲየቪች የምትባል ሴት አገባ። በዋርሶ በእንስሳት ሕክምና ተቋምና በፖሊቴክኒክ እያስተማረ ሳለ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ በ1915 የጀርመን ጦር ዋርሶን ሲይዝ ፖሊቴክኒኩ ወደ ሞስኮ፣ ከዚያም ወደ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ ሸሸ። ጽቬትም አብሮ ተሰደደ። በ1917 በዛሬዋ ታርቱ በዚያን ጊዜ አጠራር በዩርዬቭ ሙሉ ፕሮፌሰርና የዕፀዋት አትክልት ሥፍራው ኃላፊ ሆነ። ተመስገን ሳይል ጦርነቱ እዚያም ደረሰ። በ1918 ዩኒቨርስቲው ወደ ቮሮኔዥ ሲዛወር ታምሞ ሳለ ተጓዘ። በዚያው ዓመት አንድ የሆላንድ ሊቅ ለኖቤል ሽልማት ጠቁሞት ነበር፤ አልተሰጠውም። በጁን 26 ቀን 1919 በ47 ዓመቱ በቮሮኔዥ አረፈ። ሚስቱም በ1922 ተከተለችው። ልጅ አልነበራቸውም።

ዘዴው ከሰውየው ጋር የተቀበረ መሰለ። በ1931 ግን በሃይደልበርግ ሪቻርድ ኩንና ኤድጋር ለደርር የተባሉ ተመራማሪዎች የእንቁላል አስኳልና የካሮት ቀለሞችን በጽቬት ቱቦ ለያዩ። አንድ ነው ይባል የነበረው ካሮቲን ሁለት ሆኖ ተገኘ። የሚደንቀው ነገር ለደርር ያነበበው የጽቬት መጽሐፍ የጀርመንኛ ትርጉም ቪልሽቴተር ለራሱ አስተርጕሞ ካስቀመጠው የመጣ መሆኑ ነው። አይረባም ካለው ሰው ሣጥን ውስጥ ዘሩ ተቀምጦ ቈየ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ልጁ ጭስ የምንደርሰው። በ1941 ማርቲንና ሲንጅ የተባሉ እንግሊዛውያን የጽቬትን ቱቦ አሻሽለው ሲጽፉ፣ የሚገፋው ነገር ፈሳሽ በመሆን ፈንታ ጋዝም ሊሆን እንደሚችል ጠቁመው ነበር። ሐሳቡ አሥር ዓመት ያህል ብዙም ትኩረት አላገኘም! በመጨረሻ ማርቲን ራሱ ከጄምስ ጋር ሆኖ በ1952 ሠርቶ አሳየ። በዚያው ዓመት ማርቲንና ሲንጅ ኖቤል ተሸለሙ። ጋዝ ክሮማቶግራፊ ይባላል።

አሁን አየር የሚለካው እንዲህ ነው። ከእርሳስ ትንሽ ቀጠን ያለች፣ 9 ሳንቲሜትር ያህል የምትረዝም የብረት ቱቦ አለች፤ ውስጧ ተናኝ የኦርጋኒክ ውሕዶችን የሚይዝ ዱቄት ተሞልቷል። ተናኝ የምንላቸው በተለመደው ሙቀት ወደ አየር የሚተኑትን እንደ ቤንዚን፣ ቀለም ማቅጠኛና የመሳሰሉትን ነው። ትንሽ መሳቢያ ፓምፕ ጥቂት ሊትር አየር በቱቦዋ ውስጥ ያሳልፋል። አየሩ ሲያልፍ ውሕዶቹ ዱቄቱ ላይ ይቀራሉ። ቱቦዋ ተዘግታ ወደ ላቦራቶሪ ትወሰድና በኃይል ትሞቃለች፤ የተያዘው ሁሉ ይለቅና በሂሊየም ተገፍቶ 30 ወይም 60 ሜትር በሚረዝም፣ ውስጡ ሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ በሆነ ጥቅል ቱቦ ውስጥ ይጓዛል። የቱቦው ግድግዳ በውስጥ በኩል የሚይዝ ነገር ተቀብቷል። ጠላ ቤቱ ማለት ይኼ ነው! በ80 ዲግሪ የሚፈላው ቤንዝን ቀድሞ ይወጣል፣ በ111 ዲግሪ የሚፈላው ቶሉይን ይከተላል፣ ዛይሊኖቹ በኋላ ይመጣሉ። መጨረሻ ላይ ያለው መሣሪያ አንዱ ሲያልፍ አንድ ሹል ጫፍ ይስላል፤ የሰዓቱ ማንነቱን፣ የጫፉ ስፋት መጠኑን ይናገራል። መጠኑን ለማወቅ ግን አስቀድሞ መጠኑ የታወቀ ቤንዝን በዚያው መሣሪያ አሳልፎ ጫፉን ማስተያየት ግድ ነው፤ ያለዚያ ሥዕል እንጂ ልኬት አይሆንም። ልኬቱም በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ በማይክሮግራም፣ ማለት የግራም አንድ ሚሊዮንኛ በሆነ ሚዛን ነው።

ቤንዝን ስንል መኪና የሚጠጣውን ቤንዚን ማለታችን እንዳይመስላችሁ። ቤንዝን በቤንዚን ውስጥ በጥቂቱ የሚገኝ፣ በእንጨት ጭስም ውስጥ ያለ አንድ ውሕድ ነው፤ የደም ካንሰር ያመጣል። የዓለም የጤና ድርጅት ከዚህ በታች ከሆነ አይጐዳም የሚባል መጠን አላስቀመጠለትም።

በአገራችንም ተለክቷል። በ2013 በወጣ አንድ ጥናት የኢትዮጵያ ከተማ አየር ከቬትናምና ከቤልጅግ ከተሞች አየር ጋር በዚህ ዘዴ ተነጻጽሯል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ሌላ ጥናት ደግሞ በ2019 ወጥ ሲሠራ ወደ አየር የሚገባውን የተናኝ ውሕዶች ጠቅላላ መጠን ለክቷል። ጠቅላላ ማለት ግን የሁሉም ድምር ነው፤ የትኛው ስንት እንደ ሆነ ለማወቅ ወደ ጽቬት ቱቦ መመለስ ግድ ይሆናል።

ዓይን የሚያቃጥለውስ? ከዋነኞቹ ውስጥ ፎርማልዴሃይድና አክሮሊን ይገኙበታል። ፎርማልዴሃይድን ለመለካት አየሩ ዲ.ኤን.ፒ.ኤች. በሚባል መድኃኒት የተነከረ ዱቄት ውስጥ ያልፋል፤ ፎርማልዴሃይዱ ከመድኃኒቱ ጋር ተዋሕዶ ቢጫ ነገር ይሆናል። ያ ቢጫ ነገር በፈሳሽ ታጥቦ ዱቄት በተጠቀጠቀበት ቱቦ ይወርድና ይለያል። ልክ ጽቬት ዋርሶ ላይ እንዳደረገው ማለት ነው። ቀለም የሌለውን ጭስ ቀለም አስይዘው ይለዩታል!

ከደብረ ኤልያስ ከመመለሳችን በፊት በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ለልጁ መልስ ይዘን ገባን። ፎርማልዴሃይድ፣ አክሮሊን፣ ቤንዝን፣ ቶሉይን፣ ዛይሊን ብለን አምስቱን ሰሌዳ ላይ ጻፍን፤ የጽቬትንም ታሪክ ነገርናቸው። የእናቱ ማድ ቤት ውስጥ እያንዳንዳቸው ስንት እንደ ሆኑ ልንነግረው እንዳልቻልን፣ ለዚያ ቱቦዋና ላቦራቶሪው እንደሚያስፈልግ አልደበቅነውም። ልጁ አምስቱን ስም በጥንቃቄ ገለበጠና ከኪሱ ሁለት ጠመኔ አወጣ። ባለፈው ሳምንት የሠራናቸው ናቸው። አንዷን መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታት ሰንብታ አረንጓዴዋ ቡናማ ሆኗል። ሁለተኛዋን በሣጥን ውስጥ አስቀምጧት ነበር፤ እሷ አረንጓዴነቷን ብዙም አልለቀቀችም።